መስኮቱን ማን አየው?



ሰሞኑን በየማደሪያውና በየሻይ ቤቱ ወሬው ሁሉ ምደባ ሆኗል። «አንተ የት ይደርስህ ይሆን?» «ኧረ እኔስ ብቻ ቆላ አይሁንብኝ!» «ደሞዙ ከስንት ይጀምራል?» እንባባላለን። ስለ ትምህርት ዕቅድ አዘገጃጀት፣ ስለ ክፍል አያያዝ፣ ስለ ማስተማሪያ መሣሪያ ዓመቱን ሙሉ ተምረናል፤ ደግም ነው። ነገር ግን የማናውቀው ከተማ ገብተን፣ ሻንጣችንን ከመናኸሪያው አውርደን፣ በማግሥቱ ምን ዓይነት ቤት እንደምንከራይ ሲያነሣ የሰማሁት ሰው የለም። ለአንድ ሁለቱ ነገሩን ባነሣባቸው «ቤት ደግሞ ምን ችግር አለው? ብር ካለ ቤት ሞልቷል» ብለው ሳቁብኝ። እኔም አንድ ጊዜ እንደዚሁ ብዬ ስለነበር አልተቀየምኳቸውም። የደረሰብኝን ግን ልጻፈው ብዬ ብዕሬን አነሣሁ።

እኔ ያደግኩት ሸዋ ሮቢት ነው። ሸዋ ሮቢት ከባሕር ጠለል በላይ 1,300 ሜትር ገደማ ላይ ያለች የቆላ ከተማ ናት። በግንቦት ሌሊት ቤት ውስጥ መተኛት ጭንቅ ነው፤ አልጋውን ደጅ አውጥቶ የሚያድር ሰው ብዙ ነው። በእኛ አገር ጥሩ ቤት ማለት ፀሐይ የማያገኘው ቤት ነው። እናቴ ሰው ቤት ስትገባ መጀመሪያ የምትለው «ተመስገን፣ ቤታችሁስ ይቀዘቅዛል» ነው፤ ይህ ለባለቤቷ ትልቅ ምስጋና ነው። ዛፍ ያለበት ግቢ፣ ጨለም ያለ ክፍል፣ ፀሐይን ጀርባው የሰጠ ግድግዳ፤ ዓይኔ የለመደው ይኸንን ነበር።

በ2017 ዓ.ም. ጥቅምት ወር ይኸንኑ ዓይኔን ይዤ የጣርማ በርን ዋሻ አልፌ ደብረ ብርሃን ገባሁ። በመንገድ 100 ኪሎ ሜትር አይሞላም፤ ከፍታው ግን ከእጥፍ በላይ ሆኖ ወደ 2,800 ሜትር ይጠጋል። ብቻዬን ሆኜ ባጠና ይሻለኛል ብዬ ከውጭ ለመከራየት ቆረጥኩ።

ደላላው የወሰደኝ ከቀኑ ስድስት ሰዓት ላይ ነው። ሰዓቱን ልብ በሉልኝ። ፀሐይዋ አናት ላይ ናት፤ ሻንጣዬን ተሸክሜ ዳገቱን በመውጣቴ አልቦኛል። ቤቱ ከትልቁ ቤት ጀርባ የተሠራ አንድ የጭቃ ክፍል ነው፤ ክዳኑ ቆርቆሮ፣ ኮርኒሱ ማዳበሪያ፣ ወለሉ ሊሾ። ገና ስገባ ቅዝቃዜው ፊቴን ዳበሰኝ። ደስ አለኝ! «እንዴት ያለ ቀዝቃዛ ቤት ነው!» አልኩ ጮኽ ብዬ። ደላላው ፈገግ ሲል አይቼዋለሁ፤ ለምን ፈገግ እንዳለ የገባኝ ግን ኋላ ነው። በስተቀኝ ባለው ግድግዳ ላይ አበባ አበባ ያለበት መጋረጃ ተሰቅሏል። መጋረጃ ካለ መስኮት አለ ማለት ነው ብዬ አለፍኩ። እጄን ሰድጄ አልገለጥኩትም።

የጠየቅኩት አንድ ነገር ብቻ ነው። «ስንት ነው?»

«1,500 ብር፤ መብራትም ውሃም ከነሱ ነው። ወንድሜ፣ እንዲህ ያለውን ዛሬ ካልያዝከው ነገ አታገኘውም፤ ከኋላህ ሦስት ሰው አለ» አለኝ ደላላው።

አከራይዋ በዕድሜ የገፉ ደግ ሴት ናቸው፤ ባላቸው ከሞቱ ወዲህ የሚተዳደሩት በዚያችው ክፍል ኪራይ ነው። «ልጄ፣ ምድጃና ካውያ ብቻ አትሰካብኝ፤ ቆጣሪው አንድ ነው፣ አልችለውም» አሉኝ። «ችግር የለም፣ እማማ» አልኳቸው። ምድጃ ለእኔ ምኔ ነው? ሮቢት ላይ ማን ቤቱን ያሞቃል? የሁለት ወሩን ከፍዬ፣ የደላላውን ሰጥቼ፣ ያን ዕለት ማታ እዚያው አደርኩ። ቤት ፍለጋዬ በሙሉ ከአንድ ሰዓት በላይ አልፈጀም።

መብራት ከነኪራዩ ነው ሲባል ደስ የማይለው ማን ነው? ዳሩ ግን ቆጣሪው የጋራ ሲሆን የሚቆጥረው ባለቤቱ ሆኖ ያርፈዋል። ማታ ሦስት ሰዓት ሲሆን «ልጄ፣ አልተኛህም እንዴ?» የሚል ድምፅ ከትልቁ ቤት ይመጣል። ክፉ ሆነው አይደለም፤ የሚከፍሉት እሳቸው ናቸውና። የውሃውም ነገር እንደዚሁ ነው። በፈረቃ ይመጣል፣ በሌሊት ይመጣል፤ በርሜል ያለው ይቀዳል፣ እንደኔ ሁለት ጀሪካን ያለው ይጨርሳል። ይኽ ሁሉ ሲደመር ግን የዕለት መጉላላት ነው እንጂ ሰው አይገድልም።

ኅዳር ገባ። የደብረ ብርሃንን ኅዳር ያላየ ሰው ብርድን አውቃለሁ ባይል ይሻላል። ጧት ሣሩ በውርጭ ነጥቶ፣ በጎድጓዳ ዕቃ የተረሳ ውሃ ስስ በረዶ ሠርቶ ታገኙታላችሁ። ከተማዋ የብርድ ልብስ ፋብሪካ ያላት ያለ ምክንያት አይደለም! ያቺ ያመሰገንኳት ክፍል ጧት በትልቁ ቤት ጥላ ሥር ናት፤ ከሰዓት በኋላ ደግሞ በጎረቤቱ ግንብ ጥላ ሥር ትውላለች። ፀሐይ ጭራሽ አያውቃትም። ግድግዳውን በእጄ ስነካው ይርሰኛል። ብርድ ልብስ ገዛሁ፣ ሁለተኛም ገዛሁ፣ ከአንድ የመንዝ ልጅ ባና ተዋስኩ፤ ምን ዋጋ አለው፣ ሌሊቱን ጉልበቴን አቅፌ ነው የማነጋው። ምድጃ ክልክል ነው። እንግዲህ ምን ቀረኝ? ከሰል።

ነገሩ የደረሰው ለታኅሣሥ 7 አጥቢያ ነው። በማግሥቱ ፈተና ነበረብንና አንድ ጓደኛዬ አብሮኝ ሊያጠና መጥቶ አደረ። እሱም የቆላ ልጅ ነው፤ ስሙን እንዳልጽፍ ለምኖኛል። ከሰሉን ደጅ አቀጣጠልነው። ጭሱ እስኪያልቅ ጠበቅን፤ ፍሙ ቀይ ሆኖ ሲግል ነው ያስገባነው። ተጠንቅቀናል ብለን ነበር፤ ትልልቆቹም የሚሉት «ጭሱ ካለቀ አይጎዳም» አይደለም? ሻይ አፈላንበት፣ እጃችንን ሞቅን፣ እስከ አምስት ሰዓት ድረስ አነበብን። ከዚያ ነፋሱ እንዳይገባ በበሩ ሥር አሮጌ ጨርቅ ወትፈን ማንደጃውን በሁለታችን መካከል አድርገን ተኛን።

እኔን የቀሰቀሰኝ ራስ ምታት ነው። መጀመሪያ ያሰብኩት በንባብ ብዛት የመጣ ነው ብዬ ነው። ጓደኛዬን ልጠራው አፌን ስከፍት ምላሴ እንደ ቆዳ ከብዶኛል። ሲያቃስት ይሰማኛል፤ እየደጋገመ ያስመልሰዋል፣ ግን አይነቃም። ልነሣ ስል ጉልበቴ ከዳኝ። ጉልበት ከዳ ሲባል እሰማ ነበር፤ እንደዚያ ያለ ነገር መሆኑን ግን አላውቅም ነበር፤ እግሬ የእኔ አይደለም። እንዲያው ብቻ ማንደጃው ትዝ አለኝና በደረቴ እየተሳብኩ ወደ በሩ ሄድኩ። መወርወሪያውን ለመክፈት ስንት ጊዜ እንደሞከርኩ አላስታውስም። በሩ ተከፈተ፤ ግማሽ አካሌ ደጅ፣ ግማሹ ቤት ውስጥ ሆኖ ወደቅኩ።

ዕለቱ የሥላሴ በዓል ስለሆነ እማማ ለቤተ ክርስቲያን ገና ሳይነጋ ተነሥተው ነበር። በባትሪያቸው ሲያዩኝ የሞትኩ መስሏቸው ጮኹ። ጩኸታቸውን ሰምተው የመጡ ጎረቤቶች ጓደኛዬን በብርድ ልብስ ጠቅልለው አወጡት። አንዱ ሎሚ አሸተተን፤ አንዱ «ወተት ስጧቸው» አለ፤ ደግነቱ ሌላው ባጃጅ ጠራ። ሐኪም ቤት እንደደረስን ኦክስጅን አደረጉልን።

ነርሷ መጀመሪያ የጠየቀችኝ ስሜን አልነበረም። «ቤቱ መስኮት አለው?» አለችኝ።

«አዎን፣ አንድ አለው» አልኳት።

ወደ ቀትር ስመለስ በቀጥታ ሄጄ መጋረጃውን ገለጥኩት። ከኋላው ብሎኬት ነው። ከላይ እስከ ታች በብሎኬት ተደፍኖ በሲሚንቶ ተለስኗል። ለሁለት ወር መስኮት አለኝ ብዬ የኖርኩት ከመጋረጃ ጋር ነው።

«እማማ፣ መስኮቱ ምን ሆነ?» አልኳቸው።

«ልጄ፣ እሱማ ጎረቤት ግንብ ሲሠራ ከተደፈነ አራት ዓመቱ ነው። ባዶውን ሲያዩት ደስ አይልም ብዬ መጋረጃ አደረግኩበት። ደላላው አልነገረህም?» አሉና እንባቸው መጣ።

አልነገረኝም። እኔም አልጠየቅኩም። እሳቸውም የሰው ልጅ አልገድልም ብለው ነው ከሰል እንጂ ምድጃ አትሰካ ያሉኝ? አይደለም፤ ስለ ከሰል የተናገሩት ነገርም የለም። ሁላችንም አላሰብነውም። የሚያበሳጨኝ ይኸ ነው።

ኬሚስትሪ ለወሰድን ሠልጣኞች ነገሩ አዲስ አይደለም፤ በደብተራችን ላይ አለ። ከሰል በቂ አየር ሳያገኝ ሲነድ ካርቦን ሞኖክሳይድ ይሠራል። ይህ ጋዝ ቀለም የለውም፣ ሽታ የለውም። ከደም ውስጥ ሄሞግሎቢን ጋር የሚጣበቀው ከኦክስጅን ይልቅ ከ200 ጊዜ በላይ በሚበልጥ ኃይል ነው፤ ስለዚህ ሰውየው እየተነፈሰ ይታፈናል። ጭስ የሌለው ቀይ ፍምም እንደጭሳሙ ይሠራዋል፤ እንዲያውም ጭስ ስለሌለው ሰው ተዘናግቶ ይተኛል። ደብረ ብርሃን ከፍታ ላይ ደግሞ የአየሩ ግፊት ከባሕር ጠለሉ ከሩብ በላይ ያነሰ ስለሆነ አስቀድሞም የምንተነፍሰው ኦክስጅን ጥቂት ነው። ይኽን ሁሉ ለፈተና ሸምድጄዋለሁ። በዚያች ሌሊት ግን የራስጌ ደብተሬ ውስጥ ተዘግቶ ነበር።

ከዚያ በኋላ ከጓደኛዬ ጋር ሆነን ሌላ ቤት ፍለጋ ወጣን። አሁን ሁለተኛው ፍለጋ ስምንት ቀን ፈጀ። ሰው ከልክ በላይ ፈራ ይለን ይሆናል፤ ይበል።

ቀን ያየነውን ቤት ሁሉ ማታ ተመልሰን አየነው። ይህን ያስተማረችን አንዲት የክፍላችን ልጅ ናት። «እናንተ ወንዶች ቤት የምታዩት በቀን ነው፤ እኔ የምኖርበት በማታ ነው» አለችን። እሷ መጀመሪያ የምታየው ኪራዩን አይደለም፤ መወርወሪያውን ነው። በሩ ከውስጥ ይቆለፋል ወይ? ሁለተኛው ቁልፍ ማን እጅ ነው? ሽንት ቤቱ ከግቢው ውስጥ ነው ከውጭ? መንገዱ ላይ መብራት አለ? የግቢው በር ስንት ሰዓት ይዘጋል? አንድ ጊዜ ሁሉ ነገሩ ያማረ ክፍል አግኝታ፣ ሽንት ቤቱ ዞሮ በጨለማ መንገድ ስለሆነ ትታዋለች። እኛ እስከዚያ ቀን ድረስ ስለ ሽንት ቤት መንገድ ያሰብንበት ጊዜ አልነበረም፤ ለወንድ ልጅ ቀላል ነዋ!

ማታ በመመለሳችን ያተረፍነውን ልንገራችሁ። በቀን ጸጥ ያለ፣ መሬቱ በጠራ ሣር የተሸፈነ ግቢ አይተን ልንይዘው ነበር። ማታ ስንመጣ ለካ አጥር ለአጥር የሚዋሰነው አረቄ ቤት ኖሯል። የደብረ ብርሃን አረቄ በአገሩ ሁሉ የታወቀ ነው፤ የሚያጠና ሰው ግን ከጎኑ ቢተኛ ሌሊቱን ሙሉ ዘፈንና ጠብ ሲያዳምጥ ያነጋል።

ሌላው ትልቁ ነገር የሚለቀውን ተከራይ ማነጋገር ነው። አከራይ ቤቱን ሊያከራይ ይፈልጋል፤ ደላላ ገንዘቡን ይፈልጋል፤ የሚለቅ ሰው ግን ከዚያ ቤት የሚፈልገው ነገር የለምና እውነቱን ይናገራል። አሁን የምንኖርበትን ቤት ስናይ ዕቃዋን የምትጠቀልል አንዲት ሠራተኛ አገኘን። «እኅታችን፣ ለምንድን ነው የምትለቂው?» አልናት። «ተዛውሬ ነው። ቤቱ ደኅና ነው፤ ክረምት ላይ ግን ጎርፉ በግቢው መካከል ያልፋል፤ ጫማችሁን ደጅ አታሳድሩ» አለችን። ኮርኒሱ ላይ ያለውን ቡኒ እድፍ አሳየችን፤ የሚያፈሰው በዚያ በኩል ነው። ውሃ በየስንት ቀኑ እንደሚመጣ፣ አከራዩ ሲቆጡ እንዴት እንደሚሆኑ ሳይቀር ነገረችን። ቤቱን ያዝነው። እንከን የሌለበት ቤት አላገኘንም፤ የዚህኛውን እንከን ግን አውቀነው ገባን። ኪራዩ 2,200 ብር ነው፤ ለሁለት ሲካፈል 1,100 ይደርሰናል። ለብቻዬ ለዚያ ለጉድጓድ ከምከፍለው ማነሱን ሳስበው ይገርመኛል። ፀሐይ ጧት በመስኮቱ ትገባለች፤ መስኮቱንም ከፍተን ዘግተን ነው ያየነው። ለመብራቱ ለብቻው ቆጣሪ አለው፤ እንከፍላለን፣ ምድጃ እንሰካለን።

ውልም ተጻጻፍን። በ2016 ዓ.ም. የወጣው የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1320/2016 የኪራይ ውል በጽሑፍ እንዲሆንና እንዲመዘገብ፣ ቅድመ ክፍያው ከሁለት ወር ኪራይ እንዳይበልጥ፣ የውሉ ዘመን ከሁለት ዓመት እንዳያንስ ይላል። በምትመደቡበት ከተማ እንዴት እንደሚሠራበት ቀበሌው ወይም የቤቶች ጽሕፈት ቤቱ ጎራ ብሎ መጠየቅ ጥሩ ነው። የስድስት ወሩን አምጣ የሚል ሲመጣ ቢያንስ አፍ አውጥቶ ለመከራከር ይረዳል። የሕጉ ነገር በዚህ ይብቃኝ፤ ከእኔ ይልቅ የሲቪክስ መምህሮቻችን ያውቁታል።

እኔን ይበልጥ የሚያሳስበኝ ሌላ ነው። ከመካከላችን የአንጎለላ ልጅ ቆላ፣ የኤፍራታ ልጅ ደጋ ሊመደብ ነው። የደጋው ልጅ ቆላ ወርዶ ምን ዓይነት ቤት ይመርጣል? እንደለመደው ፀሐይ የሚገባውን፣ ነፋስ የማያገኘውን፣ ጣራው ዝቅ ያለውን ነዋ! ከዚያ በሚያዝያ በቆርቆሮው ሥር ሲጠበስ፣ ማታ ደግሞ በወባ ትንኝ ሲነደፍ ያድራል። እኔ ከሮቢት ያመጣሁት ዓይን ደብረ ብርሃን ላይ ሊገድለኝ እንደነበረ ሁሉ፣ ከደብረ ብርሃን የሚሄደውም ዓይን ሮቢት ላይ ያሳምማል። ስለዚህ ቤት ከማየታችሁ በፊት የአገሩን ሰው፣ ሻይ የሚሸጥላችሁንም ቢሆን፣ «እዚህ ከተማ ሰው የሚቸገረው በምንድን ነው?» ብላችሁ ጠይቁ። ብርድ ከሆነ ፀሐይና መስኮት፣ ሙቀት ከሆነ ነፋስና ጥላ፣ ወባ ከሆነ አጎበር የሚሰቀልበት ቦታና በአቅራቢያው የቆመ ውሃ አለመኖሩን ታያላችሁ። ጥያቄው ሳይያዝ የተያዘ ቤት እንደኔ ነው የሚሆነው።

ጓደኛዬ ድኗል። ፈተናውንም ኋላ ተቀመጥን። ይሁን እንጂ እስከ ዛሬ ድረስ ውርጭ ቢጥልም ባይጥልም መስኮቱን አንድ ጣት ያህል ሳይከፍት አይተኛም። እኔ ከብርዱ የተነሣ ልዘጋው ስነሣ «ተወው» ይለኛል ዓይኑን ሳይገልጥ።

ዘንድሮ በ2018 ዓ.ም. ጥቅምት ወር እማማን ልጠይቅ ቡና ይዤ ሄጄ ነበር። ከኮርኒሱ ሥር ሁለት ብሎኬት አስነቅለው የእጅ መዳፍ የሚያህል ቀዳዳ አስከፍተዋል፤ አሳዩኝ። መጋረጃው ግን እንደተሰቀለ ነው። ገና ቡናው ሳይቀዳ ያ ደላላ አንድ አዲስ ሠልጣኝ ይዞ ገባ። ልጁ እንደኔ ከበረሃው የመጣ መሆኑ ከልብሱ ያስታውቃል፤ ስስ ሸሚዝ ነው የለበሰው። ክፍሏን ከወዲያ ወዲህ ተመለከተና «ይቀዘቅዛል፣ ጥሩ ነው» አለ። ደላላው ፈገግ አለ።

«ወንድሜ፣ መጋረጃውን ግለጠው» አልኩት።

«አንተን ደግሞ ምን አገባህ?» አለኝ ደላላው።

ልጁ ገለጠው። ብሎኬቱን ነካ ነካ አደረገ። ወደላይ ቀዳዳዋን አየ፣ ወደኔ አየ፤ ከዚያ ወደ አከራይዋ ዞሮ «እማማ፣ የኤሌክትሪክ ምድጃ ይፈቀዳል?» አላቸው።

እማማ አንድ ጊዜ እኔን አዩኝ። «የመብራቱን ትጨምርልኛለህ እንጂ፣ ልጄ፣ ይፈቀዳል» አሉ።